አባባ ኮት ውስጥ የተሰፉበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ አንድ ሽማግሌ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ መንገድ ላይ ይዟቸው ነበር። የደረቡት በርኖስ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ሽታው የረጠበ በግ፣ የቤት ጭስና የሰው ላብ አንድ ላይ ነው። ረዳቱ "እስኪ መስኮት ክፈቱ" አለ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ጠጋ አልሁ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

"ምነው ልጄ፣ አወቅሽኝ?"

"እርስዎን አላወቅሁም። በርኖስዎን ነው ያወቅሁት።"

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ያን ሽታ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በየቀኑ ስከተለው ነው የከረምሁት።

ያን ጊዜ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ አዟት ነበር። አባቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። በአንዲት ክፍል መተኛት ያለባት ሴትና እኔ አብረን መሆን አንችልም ነበር። እኔ መቀመጥ አልችልም፤ አሁንም አልችልም። በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ እዘላለሁ። አንድ ቀን ዘይት ደፋሁና ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰው አባቴ ዘይቱ ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ወደቀ። እዚያው መሬት ላይ እንደተዘረጋ "ይችን ልጅ ወደ አያቷ እንላካት" አለ። በሦስተኛው ቀን ተላክሁ።

የእናቴ አባት አገር ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ ያለች መንደር ናት። ከቤቱ ደጅ ላይ ቆመህ ስታይ መጀመሪያ የዳጉሳ ማሳ፣ ቀጥሎ ሰንበሌጥ የበቀለበት ተዳፋት፣ ከዚያ ደንገሉ፣ ከደንገሉ ማዶ ጣና ነው። ሦስተኛ ክፍል እዚያው ተመዘገብሁ። የደረሰኝ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጧቱ የኔ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አያቴ፣ አባባ ጥሩነህ ናቸው። ሁለተኛዋ የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ውባለም። እትዬ ባሏ ሲሞትባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ቤቱንም ከብቱንም አባቷንም ተረክባ ነበር። ስማኝ የሚባል ቡናማ ውሻም አለ። ሰምቶ አያውቅም።

የደረስሁ ዕለት አባባን "አንተ እንዴት ነህ?" አልኋቸው። ከተማ አባቴን አንተ እያልሁ ነዋ ያደግሁት። እትዬ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

"አንተ የምትይ ውሻውን ነው። እሳቸውን እርስዎ።"

አባባ ግን "ተያት፤ አንተ ሲሉኝ ትንሽ ልጅ እሆናለሁ" አሉ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ አልሁ፤ እትዬን የማይፈራ የለም።

አባባም ይፈሯት ነበር። ምክንያቱ ያለፈው ዓመት ነው። በክረምት መውጫ ቆቅ ሊያድኑ ወጥተው በዝናብ ተደብድበው ተመለሱና የሳንባ ምች ያዛቸው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እትዬ ከራስጌያቸው አልተነሳችም። ሲድኑ የመጀመሪያ ቃሏ "አደን ቀረ" የሚል ነበር።

አባባ ደግሞ ከአደን ሌላ የቀራቸው ነገር የለም። መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥተዋል። በሬዎቹን የሚያውላቸው ሌላ ሰው ነው። እኔ በመጣሁበት ሳምንት ጧት ጧት ደጃፉ ላይ ቆመው ከዳጉሳው ጥግ የሚጮኸውን ቆቅ ያዳምጡ ነበር። ስማኝም አብሮ ይቆማል። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው።

"አባ፣ ሞተው ሊያርፉ ነው እንዴ የሚፈልጉ?" ትላለች እትዬ።

"ሞቼማ አርፋለሁ። አሁን ነው ዕረፍት ያቃተኝ።"

ይህን ሲሉ አይናደዱም። ወደ ማሳው ያያሉ። እትዬ ሦስት ቀን ቻለች፤ በአራተኛው ቀን በሰፌድ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"ይሂዱ። ግን እኔ ያለበስሁዎትን ሳያወልቁ ሄደው ሳያወልቁ ይመለሱ። ይችም ልጅ አብራ ትሂድ፤ እዚህ እንደሆነ ዕቃ መስበር ነው ሥራዋ። አንድ ቀን ሲያስሉ ብሰማ ግን ውሻው ዱርቤቴ ይሄዳል።"

ዱርቤቴ በምትባል ከተማ የሟች ባሏ ወንድም አለ። ለበጎቹ ጠባቂ ውሻ ሲፈልግ ከርሟል። ያለ ውሻ ደግሞ የአባባ አደን የለም። ዓይናቸው ደክሟል፤ በርራ የወረደችውን ቆቅ ሣሩ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝላቸው ስማኝ ነው። ስለዚህ ውሻው ሄደ ማለት ጧታቸው ሄደ ማለት ነው። የእኔም ጧት አብሮ ይሄዳል። ይህን ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኛል።

እንዲህ ሆኖ በዘጠኝ ዓመቴ የአያቴ ልብስ ጠባቂ ሆንሁ።

ማልበሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ እትዬ አባባን ከምሰሶው አጠገብ ታቆማቸዋለች። ከነቴራ ታጠልቃለች፤ በላዩ ወፍራም ሸሚዝ፤ በላዩ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ፤ በላዩ ወታደር የነበረ ዘመድ የሰጣቸው ኮት። ከዚያ በርኖሱ። አንገታቸው ላይ ሻሽ ትጠመጥማለች። ከሣር የተጎነጎነውን ገሳ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ ብላ ጠቅልላ ጀርባቸው ላይ ታስራለች።

"እንደ በቅሎ ጫንሽኝ እኮ።"

"በቅሎ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። በቅሎ አይከራከርም።"

እኔ የዩኒፎርም ሹራቤን፣ ከላዩ የአባቴን አሮጌ ጃኬት እለብሳለሁ፤ ጃኬቱ ጉልበቴን አልፎ ይወርዳል። ለዝናቡ እትዬ የማዳበሪያ ከረጢት ጥጉን ወደ ውስጥ አጥፋ እንደ ቆብ አድርጋልኛለች። ቁጭ ብል ሰው መሆኔን የሚያውቅ አልነበረም።

"ምን ሊይዛቸው ነው ይህ ሁሉ?" አልኋት አንድ ቀን።

"ምች።"

ምችን እንስሳ መሰለኝ። ለምን አይመስለኝም? "መታው" ይላሉ፣ "ያዘው" ይላሉ፣ "ደጅ ላይ አገኘው" ይላሉ። የሳንባ ምች የሚባለው ደግሞ ትንሽ፣ ጸጉራም፣ በአንገት በኩል ልብስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው ብዬ ለራሴ ወሰንሁ። መንገድ ላይ የአባባን ኮሌታ ዞር እያልሁ አያለሁ።

"አባባ፣ ምች ስንት እግር አለው?"

አባባ ቆም ብለው አሰቡበት። "እኔም አላየሁት። ከኋላ ነው የሚመጣ።"

ይህ መልስ ለአንድ ወር በቃኝ።

አደኑ ጠመንጃ የለበትም። አንድ ቆልማማ ዱላ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ ውሻ። ምስጢሩ ጤዛው ላይ ነው። ጧት ቆቅ ክንፏ በጤዛ ርሶ ይከብዳታል፤ ራቅ አድርጋ መብረር አትችልም። ስማኝ ከዳጉሳው ጥግ ሲያስነሳት እየጮኸች ትነሳለች፤ ዝቅ ብላ ትበርና ትወርዳለች። "አንድ" ይላሉ አባባ። እኛ ሮጠን እንደርሳለን፤ እንደገና ትነሳለች። "ሁለት።" ሦስተኛውን በርራ ካረፈች በኋላ አትነሳም። ሣር ሥር ገብታ ትተኛለች፤ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ድንጋይ መስላ። ያኔ በእጅ ነው የምትያዝ።

"ቆቅ ሦስት ጊዜ ናት። አራተኛ የላትም" ይሉኝ ነበር። "ሰውም እንዲሁ ነው። እኔ ሁለተኛዬ ላይ ነኝ።"

ግን ይህ ሁሉ ጤዛው እስኪረግፍ ነው። ፀሐይ ከበረታች ክንፏ ይደርቃል፤ አንድ ጊዜ በርራ ተዳፋቱን ተሻግራ ትጠፋለች። ስለዚህ ብርዱ ላይ ወጥተን እስከ ወገባችን እንረጥባለን፤ ሙቀቱ ላይ እንሮጣለን፤ ስንመለስ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይቀበለናል። የጥቅምት ቀን አንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት ቀን ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ተዳፋቱ ላይ ካለችው ሾላ ስንደርስ፣ አባባ በርኖሱን አውልቀው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ቀጥለው ኮቱን። ከዚያ እንደ ጎረምሳ ተፈትልከው ሄዱ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። የሚሞቱ ነው የመሰለኝ። ሲመለሱ ኮቱንም በርኖሱንም መልሰው ደረቡ፤ ሁለት ቆቅ ይዘናል፤ አልሞቱም። እኔ ግን ምሳ ላይ፣ እትዬ ሽሮውን እያወጣች ሳለ፣ "አባባ ኮታቸውን አውልቀው ነበር" አልሁ።

ተንኮል አልነበረም። ጠብቂ ተብያለሁ፤ ጠበቅሁ፤ ነገርሁ።

እትዬ ሽሮውን ማውጣቷን ቀጠለች። በማግሥቱ ጧት ኮቱን አልብሳ ቁልፉን ከቆለፈች በኋላ ከራሷ ሻሽ ላይ መርፌ ነቀለች። ቀይ ክር። የኮቱን ደረት ከኮሌታው ጀምራ እስከ እንብርታቸው ትሰፋው ጀመር።

"ምን ልትሠሪ ነው አንቺ ልጅ?"

"አይንቀሳቀሱ፤ እወጋዎታለሁ። ቁልፍ ነበር የሚፈታ። ክር እንይ።"

ሰባት ጊዜ ወጋች። በሰባተኛው ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ስትመለሱ ሰባት ነው የምቆጥር" አለች። አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

"አፍሽ ወንፊት ነው ልጄ።"

የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከበር እንደወጣን እየሳቁ ነው። በመንገድ ያገኘን ጎረቤት ቆሞ አያቸው።

"አያ ጥሩነህ፣ ማነው እንደ ጆንያ የሰፋዎት?"

"ልጄ ናት።"

"ውስጡ ምን ቢኖር ነው?"

"ሽማግሌ። እንዳይፈስ።"

ከዚያ በኋላ በየጧቱ ይሰፋሉ፣ በየቀትሩ ይፈታሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ጥበቃው ለክሩ ስለተሰጠ እኔ እንደ ልቤ እሮጣለሁ። ዳጉሳ እግሬን ይቧጭረኛል። ሰንበሌጡ ውስጥ ስገባ ከራሴ በላይ ነው፤ ሰማዩ እንደ ጠባብ መስኮት ይታየኛል። ጤዛው በአንገቴ ይገባል። ጠዋት ጣና ራሱ አይታይም፤ ጉም ብቻ ነው፤ ከጉሙ ውስጥ የታንኳ ቀዛፊ ሲያስነጥስ ይሰማል። ሰው ሳይታይ ማስነጠስ ብቻ። ከዚያ ጉሙ ይነሳና ሐይቁ ድንገት እዚያ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያማል።

የያዝነውን ቆቅ ወጥ የምትሠራው እትዬ ናት፤ ግን ጽጌን ትጾማለችና አትቀምሰውም። ጨው በቅቶት እንደሆነ የምቀምስላት እኔ ነኝ። አባባን "እርስዎስ አይጾሙም?" ብላቸው፣ "የጽጌ ጾም በፈቃድ ነው፤ እኔ ፈቃዴ ቆቅ ላይ ነው" አሉኝ።

ግን አደኑ እየከፋ ሄደ። አባባ ከሾላዋ በላይ መሮጥ አቃታቸው። ፊታቸው ይቀላል። "ሁለት" ብለው ይቀመጣሉ። ባዶ እጃችንን የምንመለስበት ቀን በዛ። እኔ ያረጁ መሰለኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰው የሚያረጅ መሰለኝ።

ከዚያ ያች ቅዳሜ መጣች። ጧቱ ጉም ነበር፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ደመና የሚባል ጠፍቶ ፀሐይዋ አናት ማቃጠል ጀመረች። ስማኝ አንድ ትልቅ አውራ ቆቅ አስነሳ። አባባ እንዲህ ያለ ካዩ ቆይተዋል። "አንድ" አሉ። ሮጥን። "ሁለት።" ተዳፋቱን ሽቅብ ሮጥን። ሾላዋ ሥር ሲደርሱ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከግንባራቸው የሚወርደው ላብ ከአገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"ልጄ፣ በጥሺው ይህን ክር።"

"አልበጥስም።"

"ከላይ ሦስቱን ብቻ።"

"እትዬ ትቆጥራለች። ስማኝ ዱርቤቴ ይሄዳል።"

"እኔ እዚሁ ቀልጬ ልቅር?"

"አይቀልጡም።"

 ቢላዋው ወገባቸው ላይ ነው፤ ራሳቸው ሊበጥሱት ይችሉ ነበር። ግን ቃል ገብተዋል፤ የምትጠብቀኝ ልጅ ትፍረድ ያሉ ይመስለኛል።

"እስኪ እጅሽን በአንገቴ አግቢ" አሉኝ።

አገባሁ። ሸሚዙ ከታጠበ በኋላ ሳይጨመቅ የለበሱት ይመስላል። ጀርባቸው ላይ ውሃ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብሁ ልናገር፦ ደስ አለኝ። ምች ቢገባ እንኳ እዚህ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል አልሁ።

"ጥሩ ነው አባባ" አልኋቸው። "ረጥቧል።"

አውራው ቆቅ ሳይያዝ ቀረ። ስንመለስ ነፋሱ ተነሳ። ዝናብ ከጣና ላይ እየተራመደ ሲመጣ ይታያል፤ መጀመሪያ ውሃው ይጠቁራል፣ ከዚያ ደንገሉ ይተኛል፣ ከዚያ አንተ ጋ ነው። ገሳውን ደረብንላቸው። እኔ ማዳበሪያዬን አጠለቅሁ። አንዲት ጠብታ እንኳ በርኖሳቸውን አላለፈችም። ቢሆንም እቤት ሳንደርስ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ።

እትዬ ቆጠረች። ሰባት። "ጎበዝ" አለችኝና የተቀቀለ እንቁላል ሰጠችኝ። በልቼ ሳልጨርስ አባባ ማሳል ጀመሩ።

አራት ቀን ተኙ። እትዬ ጤና ጣቢያ ወስዳ ክኒን አስያዘቻቸው፤ እንዳለፈው ዓመት አልከፋም፤ ግን ሳሉ። ሳሉን ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። "ልብሳቸውን ሳያወልቁ ታመሙ" አለች። "እንግዲህ ጥፋቱ የልብሱ አይደለም። የአደኑ ነው።" ወደ ዱርቤቴ ስልክ አስደወለች።

በአምስተኛው ቀን የባሏ ወንድም ገመድ ይዞ መጣ። ለስለስ ያለ ሰው ነው፤ ለእኔም ሸንኮራ ይዞልኝ መጣ። ስማኝ ሄዶ እጁን ላሰው። የሚወስደውን ሰው እጅ ይልሳል፣ እኔ እንዳልሁት ነው፣ ምንም አይሰማም። አባባ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።  ክርክር የሚወዱት ሰው መከራከር ተዉ።

"እትዬ፣ ከውስጥ ነው የረጠቡት" አልሁ።

"ምን?"

"ዝናቡ አልነካቸውም። ገሳ ነበራቸው፤ በርኖስ ነበራቸው። የረጠቡት ገና ፀሐይ እያለ ነው። እጄን አግብቼ አይቻለሁ፤ ጀርባቸው ላይ ውሃ ነበር። በጥሺው አሉኝ፤ እኔ እምቢ አልሁ። ከዚያ ብርዱ በዚያ ላይ መጣ። ያሳመማቸው ክሩ ነው። የሰፋሽውም አንቺ ነሽ።"

ሰውየው ገመዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። እትዬ ፊቷ ተለዋወጠ። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። እሷ ግን ወደ መደቡ ሄደች።

"እውነት ነው አባ?"

አባባ ሳይዞሩ መለሱ። "ልጅቱ አፏ ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ የሚያወርደው ዱቄቱን ነው።"

"እርስዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ 'ሊያወልቅ ፈልጎ ነው' ትይኝ ነበር። አትይም?"

እትዬ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ የነጠላዋን ጥለት ታሻለች። "አምና ከራስጌዎ ቁጭ ብዬ ሲያድሩ የምሰማው ትንፋሽዎን ነበር" አለች። "አንዱ ሲወጣ ሌላው ይመጣ ይሆን እያልሁ። ልብስ ብቻ ነው በእጄ ያለ። ሌላ ምን ላድርግ?"

አባባ ያኔ ዞሩ። "አንድ ቀን አብረሽኝ ውጪ። እይው። ካየሽ በኋላ ውሻውን ልስጥ ካልሽ ስጪ፤ አልናገርም።"

የዱርቤቴው ሰው ምሳውን በላ፤ "ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ፤ ያኔ አንድ ነገር በሉኝ" ብሎ ሄደ። አኩርፎ አልነበረም። ሰው ሲታረቅ ማየት የሚወድ ሰው ነው።

በተከታዩ ሳምንት ቅዳሜ፣ ሳሉ ከለቀቃቸው ወዲያ፣ ሦስታችንም ወጣን። እትዬ ለራሷ ወፍራም ቀሚስ፣ ሹራብና ባለ አራት እጥፍ ጋቢ ለብሳለች። አባባን አልሰፋችም። መርፌው ግን ሻሿ ላይ እንደተሰካ ነው፤ አይቻለሁ።

አባባ እንደ አስተማሪ ሆኑ። ከዳጉሳው ጫፍ ሳንደርስ እጃቸውን በአንገታቸው ከተው ጀርባቸውን ዳሰሱ። "ሞቅ ብሏል፤ ላብ የለም። አሁን ነው" አሉና በርኖሱን አወለቁ።  ሾላዋ ጋ ደግመው ዳሰሱ፤ ኮቱ ወረደ። "ላብ ሳይቀድምሽ አውልቂ፤ ነፋስ ሳይቀድምሽ ልበሺ። ይኸው ነው። ሌላ ትምህርት የለውም።" እትዬ መጥታ እጇን በአንገታቸው አስገባች። ደረቅ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

የራሷ ፊት ግን እንደ በርበሬ ቀልቷል። "ጋቢሽን አውልቂ እንጂ" ይሏታል።

"እኔ ደህና ነኝ።"

"ላብሽ ዓይንሽ ገባ እኮ።"

"ጤዛ ነው።"

ስማኝ አስነሳ። "አንድ" አሉ አባባና ሮጡ። በሸሚዝና በሹራብ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ሰንበሌጡን እየሰነጠቁ። እትዬ ቆማ አየቻቸው። ያን ዓይነት ሩጫ ሲሮጡ ያየቻቸው ልጅ ሳለች ሳይሆን አይቀርም። "ሁለት።" እኛም ሮጥን፤ እሷ ጋቢዋን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሰብስባ፣ እያለከለከች፣ "ቀስ ይበሉ አባ፣ ቀስ" እያለች።

ሦስተኛውን ቆቋ ተዳፋቱን ቁልቁል በርራ፣ ከእትዬ ሁለት እርምጃ በማይርቅ ጉብ ያለ ሣር ውስጥ ወረደች። ስማኝ በሌላ በኩል ይፈልጋል። አባባ ሩቅ ናቸው፤ አላዩም።

"እትዬ፣ አጠገብሽ ናት" አልሁ በሹክሹክታ።

"የታለች?"

"ድንጋይ የምትመስለው።"

እትዬ አየቻት። ቆቋም አየቻት። ከዚያ ሰው ይሠራል ብዬ ያላሰብሁትን ሠራች፦ ጋቢዋን ከትከሻዋ ገፍፋ በሁለት እጇ ዘረጋችና ሣሩ ላይ ጣለችው። እሷም ተከትላው በሆዷ ወደቀችበት። ጋቢው ሥር የሆነ ነገር ይንፈራገጣል።

"ይዣታለሁ" አለች ፊቷን ከሣሩ ሳታነሳ። "አባ፣ ይዣታለሁ እኮ። ምን ላድርጋት?"

"እንዳትነሺ" አሉ አባባ እየመጡ። ሳቅ ስላሸነፋቸው መሮጥ አቅቷቸዋል። ተንበረከኩና እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደው ቆቋን በእግሯ ያዙ። ትልቅ ነበረች፤ ደረቷ እንደ ቡጢ።

እትዬ ተነስታ ተቀመጠች። ሻሿ ወልቋል፤ ጸጉሯ ላይ የሣር ፍሬ። ሹራቧንም ሳትጠየቅ በራሷ ላይ አሳልፋ አወለቀችና ክንዷን ወደ አየሩ ዘረጋች። እንደዚያ ስትሆን እናቴን ትመስላለች፤ ከዚያ በፊት መስላኝ አታውቅም።

ከሐይቁ በኩል ትንሽ ነፋስ መጣ። አባባ ሾላዋ ላይ የሰቀሉትን ኮት እኔ ሮጬ አመጣሁላቸው፤ ለበሱት፤ ቁልፉንም እስከ ላይ ቆለፉት። "በይ አንቺም ልበሺ" አሏት። "ነፋሱ ሳይቀድምሽ።"

"ቆዩኝማ አባ። ገና ሞቆኛል።"

ወደ ቤት ስንወርድ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቆቋን ራሷ ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ዳጉሳው ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡ?"

"ጤዛው ሳይረግፍ" አሉ አባባ።

 "እንግዲያው ሳትቀሰቅሱኝ እንዳትሄዱ።"